የላሪ ሆምስ ግራ እጅ

ፒያሳም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ስለ ቦክስ የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ ክርክሩ ከሁለት ስም እምብዛም አያልፍም፤ ወይ ዓሊ ነው ወይ ታይሰን። ጨዋታው ከደመቀ ፎርማንና ፍሬዘር ይጨመራሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ፊዩሪንና ኡሲክን ያመጣሉ። ላሪ ሆምስን የሚያነሳ አይገኝም። ቢነሳም «ዓሊን በእርጅናው የደበደበው» ወይም «ታይሰን የዘረረው» ተብሎ ነው። ከ1978 እስከ 1985 (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች፣ ካልተባለ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው) የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ የቆየ፣ 48 ግጥሚያ ሳይሸነፍ የሄደ ሰው፣ በሌሎች ሁለት ሰዎች ታሪክ ውስጥ አላፊ አግዳሚ ሆኖ ቀረ።

እኔ እንደማስበው ግን አራት ኪሎም ይሁን ልደታ ዛሬ ጓንት ለሚያጠልቅ ልጅ ከሁለቱም ይልቅ የሚጠቅመው ሆምስ ነው። የዓሊን ዓይንና ወገብ ማንም አሰልጣኝ አይሰጥህም። የታይሰንም አንገት እንዲሁ። የሆምስ ትልቁ ሀብት ጃብ ነበር፤ ከፊት ባለው እጅ የሚሰነዘር ቀጥታ ቡጢ፣ ማንም ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረውና በሁለተኛው ወር የሚንቀው። ይሄ ሰው ያንኑ አንድ ነገር ይዞ ዓለምን አሸነፈ፤ በያንዳንዱ ትልቅ ውድቀቱ ውስጥም የምናገኘው ያንኑ እጅ ነው።

በ1949 ጆርጂያ ተወለደ፤ ያደገው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኢስተን በምትባል ከተማ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ መኪና ሲያጥብ ኖረ። በ1972 ለኦሎምፒክ ቡድን ማጣሪያ ከዱዌን ቦቢክ ጋር ገጥሞ ተጋጣሚውን እያቀፈ በማስቸገሩ ከውድድር ውጪ ተደረገ፤ «ፈሪ» የሚል ስም ለጠፉበት፣ ለዓመታትም ተከተለው። በመጋቢት 1973 ፕሮፌሽናል ሲሆን ማንም ጉዳዬ አላለውም። እንጀራው ስፓሪንግ፣ ማለትም የሌላ ቦክሰኛ የልምምድ ተጋጣሚ መሆን ነበር። ዲር ሌክ የሚገኘው የዓሊ ካምፕ ከኢስተን ሩቅ አይደለም፤ እዚያ እየሄደ ለዓሊ ልምምድ ማሟያ ይሆናል፣ ለፍሬዘርም እንደዚሁ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ዱላው ግን እውነተኛ ነው።

ስፓሪንግ ሠራተኛ ሆኖ ማደግ ብዙ ቦክሰኛ ያበላሻል። የሚከፈልህ ለሌላው እንድትመች ነው፤ ቀስ በቀስ መሸነፍ ልማድ ይሆናል። ሆምስን ያዳነው ይመስለኛል ከሚመታበት ሰው መስረቁ ነው። ከዓሊ እግርና ርቀትን ወሰደ፣ ጃቡን ግን የራሱ አደረገው። የዓሊ ጃብ ፈጣንና ገራፊ ነበር፤ የሆምስ ጃብ ሰው ያቆማል። ወደፊት የሚመጣን 100 ኪሎ ሰው ባለበት የሚገትር ጃብ በከባድ ሚዛን ታሪክ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

ይሄን እጅ ቀረብ ብለን እንየው። ሆምስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ91፣ የእጁ ዝርጋታ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ቁመት ብቻውን ግን ጃብ አይሆንም፤ ረጅም ሆነው እጃቸውን እንደ ሸንበቆ የሚዘረጉ ስንት አሉ። ጃብ ከትከሻ ሳይሆን ከኋላ እግር ይጀምራል። ቀኝ እግር መሬቱን ይገፋል፣ ግራው ግማሽ ጫማ ያህል ወደፊት ይንሸራተታል፣ ቡጢው የሚያርፈው ግራ እግር መሬት ሲነካ ወይም ከዚያ በቅጽበት ቀድሞ ነው። እግሩ አርፎ እጁ ከዘገየ የሰውነቱ ክብደት መሬት ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ የሚደርሰው ክንድ ብቻ ነው። ክርን ጎድንን ታኮ ይወጣል። ወደ ውጪ ከተከፈተ ትከሻ ቀድሞ ስለሚነሳ ተጋጣሚው ቡጢው ሳይነሳ ያውቀዋል። መዳፍ እስከ መጨረሻው ላላ ብሎ ይሄድና ሊያርፍ ሲል ይጨበጣል፣ ጀርባው ወደ ላይ ይዞራል። ከመነሻው ጨብጦ የሚወረውር ሰው ሁለት ዙር ሳይሞላ ትከሻው ይቃጠላል፤ እጁ ከበደኝ የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ አቅም ማጣት አይደለም፣ ያለ ቦታው መጨበጥ ነው። አገጭ ከግራ ትከሻ ኋላ ይገባል። ቀኝ እጅ ጉንጭ ላይ ይቀራል።

ከዚያ መመለስ አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። እጅ በሄደበት መስመር፣ በሄደበት ፍጥነት፣ በቀጥታ ወደ ጉንጭ መመለስ አለበት። በየጂሙ የምናየው ግን ጃቡ ቆንጆ ሆኖ ይሄድና ሲመለስ ወደ ወገብ ወርዶ፣ ዞሮ፣ ተዝናንቶ ነው የሚመጣው። የሚለማመዱበት ጆንያ መልሶ ስለማይመታ ማንም አይቀጣውም። ሦስት ወር እንደዚያ የለመደ እጅ ሪንግ ውስጥ በምክር አይታረምም። ጃብ የሚለካው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ሆምስ አንድ ዓይነት ጃብ አልነበረውም። ርቀት የሚለካበት ቀላል ነበረው፣ ያ የተጋጣሚውን ጓንት ከነካ ይበቃዋል። ሙሉ ክብደቱን የሚጭንበት ነበረው። ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደጋግመውም ነበረው፣ በመጀመሪያው ዓይን ይጋርድና ሁለተኛውን አፍንጫ ላይ ያሳርፋል። ቀኙ የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው። ተጋጣሚ የትኛው እንደሚመጣ ካላወቀ ሁሉንም እንደ ከባዱ ቆጥሮ ይጠብቃል፣ ይደክማልም።

ሻምፒዮን የሆነበትን ምሽት ብትመለከቱ ይሄ ሁሉ አለበት። ሰኔ 9 ቀን 1978 ላስ ቬጋስ ውስጥ ከኬን ኖርተን ጋር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2 ቀን 1970፣ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ የምታድርበት ዘመን። ሆምስ ከግጥሚያው ጥቂት ቀናት በፊት የግራ ክንዱን ጡንቻ ተጎድቶ ነበር፤ ያውም ያንኑ ግራ። ግጥሚያውን ቢሰርዝ ዕድሉ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ደብቆ ገባ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጃብ ወሰደ፣ ኖርተን ከመሃል በኋላ እየገፋ መጣ፣ 15ኛው ዙር ሲጀምር ነጥቡ እኩል ነበር። ያ የመጨረሻ ዙር ከባድ ሚዛን ካሳየን ዙሮች ሁሉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሁለት ዳኞች 143 ለ142 ለሆምስ፣ አንዱ በዚያው ቁጥር ለኖርተን ሰጡ። አንድ ነጥብ! የሰውየው የሰባት ዓመት ንግሥና እዚያች ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ተከታታይ የሻምፒዮና ግጥሚያዎችን ከመጨረሻው ዙር በፊት ጨረሰ። ስምንተኛው ዓሊ ነው፤ ጥቅምት 2 ቀን 1980። ስለዚህ ግጥሚያ ብዙ ማለት አልፈልግም። ዓሊ 38 ዓመቱ ነበር፣ ለመክሳት የወሰደው መድኃኒት አቅሙን ጨርሶታል፣ ሦስቱም ዳኞች እያንዳንዱን ዙር ለሆምስ ሰጥተዋል፣ ከ10ኛው ዙር በኋላ የዓሊ አሰልጣኝ አንጄሎ ዳንዲ ከኮርነር አስቆመው። ሆምስ እየመታ የመሃል ዳኛውን «አስቁመው» በሚል ዓይን ሲያይ ይታያል፤ ሲያበቃም አለቀሰ። የቦክስ ወዳጅ ግን ይቅር አላለውም። አሳዳጊህን ስትደበድብ ከጭብጨባው ጋር የሚመጣ ቅሬታ አለ፤ ያ ቅሬታ እስከ ዛሬ አብሮት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ፣ ለሰልጣኝ ከብቃቱ ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነውና። ሆምስ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዴ ወገቡ አጠገብ ይይዝ ነበር። ምክንያት አለው። ከታች የሚነሳ ጃብ ከተጋጣሚው እይታ በታች ስለሚመጣ ዘግይቶ ይታያል፤ ትከሻም ያርፋል። ግን የግራ አገጭ ክፍት ይቀራል፤ ከላይ ዞሮ የሚወርድ ቀኝ ቡጢ ሰተት ብሎ የሚገባበት በር ነው። ይሄን በር የሚዘጋው እጅ ሳይሆን እግር ነው፤ ሁልጊዜ ከተጋጣሚው ቀኝ አንድ ጫማ ርቆ መቆም ግድ ይላል። እግር አንድ ጊዜ ሲረሳ ምን እንደሚሆን መስከረም 28 ቀን 1979 ታየ። ኧርኒ ሼቨርስ በ7ኛው ዙር በቀኝ አጋደመው። ሼቨርስ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ከባዱ መቺ ነው ይሉታል፤ ሆምስ ተነሣ፣ 11ኛው ላይ አስቆመው። ኅዳር 6 ቀን 1981 ሬናልዶ ስናይፕስ የሚባል ብዙም ያልተፈራ ሰው በ7ኛው ዙር፣ በዚያው ቀኝ፣ በዚያው በር ገብቶ ጣለው። ያንንም 11ኛው ላይ ጨረሰው። ሁለት ዓመት አልፎ እንኳ በሩ አልተዘጋም።

ተነሥቶ ያደረገውን ግን ያዙልኝ። መልሶ ለመምታት አልተጣደፈም። አቀፈ፣ ዞረ፣ ግራ እጁን እያወጣ ርቀት ሠራ፣ ደወሉን ጠበቀ። ወድቆ የተነሣ ልጅ አሥር ላይ ዘጠኙ እልህ ይዞት ወደ መጣበት ቡጢ ይሮጣል፤ አሰልጣኞች ይሄን በስፓሪንግ ወቅት ሆን ብለው ካላለማመዱት በጨዋታ ቀን አይገኝም።

በጄሪ ኩኒ ላይ የሠራው ደግሞ የጃብ ጥቅም በግልጽ የሚነበብበት ነው። ሰኔ 11 ቀን 1982፣ ከቀለም ጋር በተያያዘ ጩኸት የሞላው፣ ገንዘቡም በዘመኑ ከፍተኛ የሆነ ግጥሚያ። ኩኒ ከሆምስ የሚረዝም፣ ግራ ሁኩ ጎድን የሚሰብር ሰው ነው። ሁክ ግን በቅስት ይመጣል፤ ጃብ በቀጥታ። ኩኒ ሁኩን ሊጭን በተንደረደረ ቁጥር ግንባሩ ላይ ጓንት ያገኛል። ሆምስ በ13ኛው ዙር አስቆመው።

ይሄን እዚህ እንዴት ይለማመዱታል? መጀመሪያ አየሩ። መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን የባሕር ዳር ከተማ ሰው ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ። ጃን ሜዳን በማለዳ የሚዞር ቀጭን ሯጭ ይሄን ጸጋ ያደርገዋል። 95 ኪሎ ሰው ግን ከዚሁ አየር ለብዙ ሥጋ ማከፋፈል አለበት። ስለዚህ ከባድ ልጅ በመጀመሪያ ቀን ሦስት ደቂቃ ዙር አይሰጠውም። አራት ዙር፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ ግራ እጅ ብቻ። ሦስት ሳምንት እንደዚያ ሄዶ ወደ ሦስት ደቂቃ ይገባል። የመስቀል አደባባይን ደረጃ መውጣት ለሳንባ ጥሩ ነው፣ ግን ለከባድ ሰው ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይ ይጭናል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ ሲወርዱ በእርምጃ።

ጆንያው በጨርቅ ቁርጥራጭ ይሞላ። አሸዋ የሚጨምሩ አሉ፤ አሸዋ በሁለት ሳምንት ወደ ታች ወርዶ ድንጋይ ይሆናል፣ ላዩ ባዶ ይቀራል፣ የልጁ አንጓ ይሄዳል። ለከባድ ሚዛን ከ40 ኪሎ ያላነሰ ይሁን፣ አለበለዚያ አንድ ጃብ ሲያርፍበት እየዞረ ዙሩን በማሳደድ ታሳልፋላችሁ። በአፍንጫችሁ ቁመት ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ዒላማው እሱ ነው፤ ምልክት የሌለው ጆንያ ላይ የሚሠራ ጃብ ሲደክም ወደ ደረት ይወርዳል፣ ልጁም አይታወቀውም።

ፋሻ በየሱቁ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። ከመርካቶ አቡጀዲ ገዝቶ በ5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ በ4 ሜትር ተኩል ርዝመት መቅደድ ያገለግላል። አቡጀዲ ግን አይለጠጥም። እጅ ተጨብጦ ከተጠመጠመ ይላላል፤ ጣቶች ተዘርግተው በጣም ከጠበቀ ደግሞ ጓንት ውስጥ እጅ ሲሞቅ ያብጥና ጣት ይደነዝዛል። ጣት ዘርግቶ መጠምጠም፣ በየሁለት ዙሩ ጨብጦ መፈተሽ፣ አንጓ ላይ ሦስት ዙር፣ የጣት መገጣጠሚያ ላይ ሦስት፣ በአውራ ጣት አንድ። ስፓሪንግ ላይ 16 አውንስ ጓንት።

ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ እዚህ ከተማ ለከባድ ሚዛን ስፓሪንግ የሚሆን ሰው ማግኘት ዳገት ነው። ሁለት ትልልቅ ልጆች አንድ ጂም ውስጥ ከተገኙ ዕድለኞች ናቸው፤ ሁለቱም በየሳምንቱ ሲደባደቡ ደግሞ አንዱ ይጎዳል። መፍትሔው ከቀላል ሚዛን ጋር ማጋጠም ነው፣ በሕግ። ከባዱ ግራውን ብቻ ይጠቀማል፣ 60 ኪሎው ልጅ ሁለቱንም እጁን። ትንሹ ልጅ ፈጣን ስለሆነ ጃቡ ወርዶ በተመለሰ ቁጥር በቀኙ ገብቶ ይነካዋል፤ አይጎዳውም፣ ያሳፍረዋል። እፍረቱ ከአሰልጣኝ ጩኸት በላይ ይሠራል። አንድ ሰው በስልክ ከጎን ይቅረጽ፤ ቀስ አድርጎ ሲታይ የሚታየው ግራ እጁ በየት በኩል እንደተመለሰ ብቻ ይሁን።

ወደ ሆምስ ስንመለስ፣ ሁሉም ግጥሚያው አያስመካም። በኅዳር 1983 አሥር ግጥሚያ ብቻ ያለውን የፍሬዘርን ልጅ ማርቪስን በአንደኛው ዙር ጨረሰ፤ ወዲያው ደግሞ የያዘውን ቀበቶ ትቶ አዲስ ለተመሠረተው የቦክስ ማኅበር፣ ለአይቢኤፍ፣ ሻምፒዮን ሆነ። ለኖርተንም፣ በጠባብ ውጤት ላሸነፈው ቲም ዊዘርስፑንም የመልስ ግጥሚያ አልሰጠም። ገንዘቡን ያስላ ነበር ማለት ይቀላል፤ ያስላ ነበርም።

48 ለ0 ላይ ደረሰ። ሳይሸነፍ ጓንቱን የሰቀለው የቀድሞው ሻምፒዮን የሮኪ ማርሲያኖ 49 ለ0 አንድ ቀረው። መስከረም 21 ቀን 1985፣ ማርሲያኖ የመጨረሻ ግጥሚያውን ካደረገ ልክ በ30 ዓመቱ፣ ከማይክል ስፒንክስ ጋር ገባ። ስፒንክስ ከ79 ኪሎ ሚዛን የመጣ፣ በዘመናዊ ሥልጠና ወደ 90 ኪሎ ያደገ ሰው ነው። አንድም የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከዚያ በፊት የከባዱን ቀበቶ ወስዶ አያውቅም። ስፒንክስ ከተጠበቀው ማዕዘን አይመታም፣ በጃቡ ሥር ይገባል፣ በማይመች ጊዜ ይወረውራል። የ35 ዓመቱ ሆምስ ዕድሉን ያያል፣ እጁ ግን ዘግይቶ ይወጣል። በነጥብ ተሸነፈ። ተናድዶ ማርሲያኖን የሚያንቋሽሽ ንግግር ተናገረ፤ በኋላ ይቅርታ ቢጠይቅም የቀረችው ትንሽ ፍቅርም ያን ምሽት አለቀች። በ1986 የመልሱን ግጥሚያ ዳኞች ተከፋፍለው ለስፒንክስ ሰጡ። ይሄኛው ላይ ብዙ ሰው ሆምስ ተበድሏል ይላል፤ እኔም እላለሁ።

ታይሰን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥር 22 ቀን 1988፣ ሆምስ 38 ዓመቱ፣ 21 ወር ካልተጋጠመ በኋላ። በ4ኛው ዙር መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ጊዜ በጣቶቹ ቆሞ ጃቡን ሲያወጣ የድሮው ሰው ይመስላል። ሦስት ጊዜ የወደቀው በዚሁ ዙር ነው። «ታይሰን የዘረረው» የሚሉት ሰዎች ይቺን አንድ ዙር ነው የሚያውቁት። ቀድሞ ርቀቱን ይጠብቅለት የነበረው እግር አሁን ዘግይቷል፤ ዝቅ ብሎ የሚያዘው እጅ ግን ልማዱን አልተወም።

በ1991 ተመለሰ፤ ሰው ሳቀ። የካቲት 7 ቀን 1992፣ በ42 ዓመቱ፣ ያልተሸነፈውን የ1988 የኦሎምፒክ የወርቅ ባለቤት ሬይ መርሰርን በነጥብ አሸነፈ። ይሄን ግጥሚያ ፈልጋችሁ እዩት። እግር የለም። ሆምስ ኮርነር ላይ ተደግፎ መርሰርን ይጠራዋል፣ ሲመጣ በግራ ይነካዋል፣ በቀኝ ይመታዋል፣ ያቅፈዋል። እጁ ከፍ ብሎ ተይዟል። ከሃያ ዓመት በኋላ በሩን መዝጋት የተማረው መሸሽ ሲያቅተው ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ የጊዜው ሻምፒዮን ሆሊፊልድ በነጥብ አሸነፈው፣ በ1995 ኦሊቨር ማኮል እንዲሁ፤ ያኔ 45 ዓመቱ ነው፣ ግጥሚያውም የጠበበ ነበር።

ገንዘቡን አላባከነም። ያገኘውን ወደ ኢስተን ወስዶ ሕንፃ ገነባበት፤ የከተማዋን ሰዎች ሥራ አስያዘ፣ ቢሮዎችን አከራየ። ደላዌር ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ስሙን ይዟል፣ በ2015 ሐውልት ቆመለት። የመጨረሻ ግጥሚያው ሐምሌ 2002 ኖርፎልክ ቨርጂኒያ ውስጥ ነበር፤ እሱ 52 ዓመቱ፣ ተጋጣሚው «ባተርቢን» የሚባለው፣ ከ150 ኪሎ ያላነሰ፣ በአራት ዙር ግጥሚያ የታወቀ ሰው። አሥር ዙር ሄዱ። ሆምስ በነጥብ አሸነፈ፣ 69 አሸናፊነትና 6 ሽንፈት ይዞ ጓንቱን ሰቀለ።